ቆርበን የተሻገርነው ወንዝ

ናርዶስ ድልድዩ አፍ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። እጇን ሳብ ባደርጋት ንቅንቅ የለም፤ በቅሎ ናት እንዴ ይቺ ልጅ! የልጄ ልጅ ናት፣ ስድስት ዓመቷ ነው። ያን ዕለት የፍልሰታን ቅዳሴ አብረን አስቀድሰን፣ አብረን ቆርበን ወደ ቤት እየተመለስን ነበር። ሌላ ጊዜ ከአየር ጤና የተሳፈርንበት ታክሲ ድልድዩን ልብ ሳንለው ያሳልፈናል። ዘንድሮ ግን መንገዱ ሁሉ ተቆፋፍሮ የለ፣ ረዳቱ "መጨረሻ ነው፣ ከዚህ ወዲያ አይገባም!" ብሎ ጭቃ ላይ አራገፈን።

"እማማ፣ ወንዝ ነው" አለችኝ፣ ነጠላዋን እንዳስተማርኳት አፏ ላይ እንደያዘች።

"ቢሆንስ ታዲያ?"

"የቆረበ ሰው ወንዝ አይሻገርም ብለሽኝ የለ?"

ትልቅ ሰው ሁሉ "እርስዎ" ይባላል ብዬ ያሳደግኳት ልጅ እኔን "አንቺ" ነው የምትለኝ። ውስጥ ውስጡን ደስ ስለሚለኝ ትቼላታለሁ።

"ድልድይ እኮ ነው ናርዲዬ። መኪና እንኳ ይሄድበታል።"

"ከሥሩስ?"

ከሥሩ አየሁ። ምነው ባላየሁ! ነሐሴ ያደረሰው ጎርፍ የሻይ መልክ ይዞ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱንም ቅጠሉንም ደባልቆ እየተግተለተለ ይወርዳል። የድልድዩን ብረት ያዝኩ። ከኋላችን ሰው ተደረደረ፤ አንዱ ጎረምሳ "ማዘር፣ ያሳልፉን!" ይለኛል። ልጅቷ ኃጢአት ፈርታ ቆማለች፣ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ፈርቼ ቆሜያለሁ። የዚያን ወንዝ ድምፅ በልጅነቴ ከሰማሁት ወዲህ አልረሳሁትም።

እኔ ልጅ ሳለሁ እዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ድልድይ ከየት መጥቶ! ኮልፌ ግማሹ ባሕር ዛፍ፣ ግማሹ የድንችና የገብስ እርሻ ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በጅማ መንገድ ከወጣ መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቀው። ቤታችን ከወንዙ ወዲህ፣ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከወንዙ ወዲያ ነው። በመካከሉ የባሕር ዛፍ ግንድ ጎን ለጎን አጋድመው ያንን ድልድይ ብለን እንሻገርበት ነበር።

የክርስትና እናቴ እትዬ ዘርፌ የሚኖሩት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። ረጅም፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ድምፃቸው እንደ ወንድ የወፈረ ሴት ነበሩ። ሥራቸው ማዋለድ ነው። የሰፈሩ ልጆች ስንወለድ መጀመሪያ ያረፍነው እሳቸው እጅ ላይ ነው፤ ስለዚህም ይመስለኛል ሁላችንንም እንደ ራሳቸው ልጅ የሚቆነጥጡን። እግዚአብሔርን መፍራት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ግን አስቀድሜ የፈራሁት እሳቸውን ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ ልጆቹን ሰብስበው ይደነግጋሉ። "የቆረበች ልጅ አትተፋም። አትሮጥም። ድምፅዋን አታሰማም። እንቅፋት እንዳይመታት እያየች ትሄዳለች፤ ደም ከወጣት ጉድ ፈላ! ወንዝ አትሻገርም።" አንድ ቀን "ለምን?" ብዬ ጠይቄ ጆሮዬ እስኪቀላ ተቆነጠጥኩ። ከዚያ ወዲህ "ለምን" አላልኩም። በዚህ የተነሳ ከወንዙ ወዲህ ማዶ የመጣን ልጆች በቆረብን ቀን እሳቸው ቤት አድረን ነበር በማግስቱ የምንመለሰው። እንደ በዓል ነበር የምናየው፤ እንግድነት መቼም ለልጅ ደስ ይላል።

ያ ፍልሰታ ግን ደስታ አልነበረበትም። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ነፍሰ ጡር ናት። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ስትወልድ ልጁ ሞቶ፣ እሷም ደም ፈስሷት በእትዬ ዘርፌ እጅ ነው ለጥቂት የተረፈችው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተሸሽጌ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ጎረቤቶቹ ሲወጡ አንዷ "ይቺ ሴት ከእንግዲህ ካረገዘች መቃብሯን በእጇ ማሰች ማለት ነው" ስትል ሰማኋት። ልጅ አይሰማም ይላሉ ሰዎች፤ ልጅ ሁሉን ይሰማል፣ የሚጠይቀው ሰው ነው የሌለው። ከዚያ ወዲህ የእናቴን ሆድ ነበር የምጠብቀው። መግፋቱን ያየሁ ዕለት እህል አልወርድ አለኝ።

የምቆርብ ዕለት ጠዋት እጇን ወገቧ ላይ ጭና በር ድረስ ሸኘችኝ።

"እማዬ፣ ዛሬ ልቅር" አልኳት።

"ምን ሆነሽ? ገና ነኝ እኮ። ሂጂ፣ ለእኔም ቁረቢልኝ። ማርያምን ለምኚልኝ።"

እያካፋ ነበር። በባዶ እግሬ ግንዱን ተሻገርኩ። ከሥር ውኃው ከወትሮው ሞልቶ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ እማዬ አሁንም በሩ ላይ ነች፤ ወገቧን እንደያዘች።

ቅዳሴው ላይ ልቤ አልነበረም። የዘመሩትን አብሬ ዘመርኩ፣ "አሜን" ሲባል "አሜን" አልኩ፤ ውስጤ ግን "እማዬን፣ እማዬን" ነው የሚለው። ልጆች ቀድመን ቆረብን፣ እትዬ ዘርፌም ከሴቶቹ ጋር ተከትለው ቆረቡ። የቅዳሴውን ጠበል ጠጥተን፣ ነጠላችንን አፋችን ላይ አድርገን ስንወጣ ዝናቡ ወረደ። ዝናብ አትበሉኝ፣ ሰማዩ ተቀደደ እንጂ። ያን ቀን ከወዲህ ማዶ የመጣሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ቤታቸው ሁለታችን ብቻ ነን። ሱፍ ፍትፍት አቀረቡልኝ፣ የተቀቀለ የበቆሎ እሸትም ነበር። የጾም ቀን ቅዳሴ ሲያበቃ ቀኑ ተጋምሶ አልፏል፣ ሆዴ ተጣብቋል፤ ሆኖም ሁለት ጉርሻ ጎርሼ ተውኩት።

"ብዪ እንጂ!" አሉኝ ቀስ ብለው። በቆረቡ ቀን የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው፤ ያ ወፍራም ድምፅ የት እንደሚገባ እንጃ።

ይኼኔ ነው ከወንዙ በኩል ጩኸት የሰማነው።

ወጣን። ዝናቡ ጋብ ብሏል፣ ወንዙ ግን ያገሣል። ግንዶቹ የሉም፤ ጎርፉ ጠራርጎ ወስዷቸዋል። በእኛ ቤት በኩል፣ ከማዶ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ቆመዋል። ከቤታችን አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይጮሃሉ።

"ዘርፌ! የሾፌሩን ሚስት ምጥ ይዟታል! ባለቤቴ አጠገቧ ናት፣ ግን አልቻለችም! ደም ቀድሟል! ኧረ ድረሺ፣ በአላህ!"

ደም ቀድሟል። ትርጉሙን አውቀዋለሁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሰምቼዋለሁ። ቀና ብዬ እትዬ ዘርፌን አየኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ውኃውን ያያሉ። መልስ አልሰጡም፤ ለመመለስ መጮህ ሊኖርባቸው ነው፣ የቆረበ ደግሞ አይጮህም።

"እትዬ ዘርፌ፣ እንሂድ!"

"ቆርቤያለሁ" አሉ ከነጠላቸው ሥር።

እንዴት እንደፈራሁ በምን ቋንቋ ልንገራችሁ? አንድ ፍርሃት ቢሆን ሰው ይሸከመዋል። እኔ ላይ የወደቀው ሁለት ነው። ካልሄዱ እማዬ ትሞታለች። ከሄዱ ደግሞ ቅዱስ ቁርባን በአፋቸው ሳለ ወንዝ ሊሻገሩ፣ ደም ሊነኩ ነው፤ እግዚአብሔር ተቆጥቶ እሳቸውንም እማዬንም እዚያው ይቀስፋቸዋል ብዬ አምኛለሁ። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸዋ! በአስፋልቱ እንዳንዞር ሩቅ ነው፣ እስክንደርስ ይመሻል። ሐኪም ቤት እንዳይወስዷት ያንን ጭቃ አልፎ እኛ ደጃፍ የሚደርስ መኪና የለም።

እንዴት እንደወሰንኩ አላውቅም፤ ብቻ ቁልቁል ወደ ውኃው ስሮጥ ራሴን አገኘሁት። የቆረበች ልጅ አትሮጥም አይደል? ሮጥኩ። ውኃው ጫፍ ልደርስ ስል እትዬ ዘርፌ ቀሚሴን ከኋላ ጨምድደው ያዙኝ።

"አንቺ! ቆርበሽ!"

"እማዬ ትሞትብኛለች!" ብዬ ጮህኩ። የቆረበች ልጅ አትጮህም፤ እኔ ግን ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሩ። ጉልላቱ በባሕር ዛፉ መካከል ይታያል። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ከዚያ ነጠላውን ከአፋቸው ላይ አወረዱና ወገባቸውን ታጠቁበት። ቋጠሮው ሁለቴ ከእጃቸው አመለጠ። እትዬ ዘርፌ ሲፈሩ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እሳቸው ከፈሩማ እኔ ምን ልሁን ብዬ አለቀስኩ።

"ከድር!" ብለው በዚያ ወፍራም ድምፃቸው ጮሁ። "ገመድ አለህ?"

ጋሽ ከድር የአህያ መጫኛ ይዘው መጡ። አንዱን ጫፍ ከባሕር ዛፍ ጋር አስረው፣ ሌላው ጫፍ ላይ ድንጋይ ቋጥረው ወረወሩት። ውኃው ወሰደው። ደግመው ወረወሩ፤ ደግሞ ወሰደው። በመጨረሻ እግራችን ሥር ወደቀ። እትዬ ዘርፌ ከዛፍ ጋር ወጥረው አሰሩትና ወደ እኔ ዞሩ። ጥለውኝ ሊሄዱ አስበው ይሆናል፤ ዓይኔን ሲያዩ ግን ተከትያቸው እንደምገባ ገባቸው መሰለኝ ጎንበስ አሉ።

"ታዘዪ።"

"ገመዱን ይዤ በእግሬ እሻገራለሁ።"

"ታዘዪ አልኩሽ! እግርሽን ሰብስቢ፣ ውኃ እንዳይነካሽ። የምሻገረው እኔ ነኝ። አንቺ ጭነት ነሽ፤ ጭነት ኃጢአት የለበትም።"

ጀርባቸው ላይ ወጣሁ። የማተባቸው ቋጠሮ ጉንጬን ይወጋኛል። ውኃው መጀመሪያ ጉልበታቸው ድረስ ነበር፤ ቀጥሎ ወገባቸው ደረሰ። ከሥር ድንጋይ ሲንከባለል በእሳቸው አካል በኩል እኔ ድረስ ይሰማኛል። መሐል ላይ እግራቸው ከዳቸው። ተንገዳገዱ፣ ገመዱ እንደ ክራር ተወጠረ፣ ጋሽ ከድር ከማዶ "ያዥ! ያዥ!" ይላሉ። ዓይኔን ጨፈንኩ። "በቃ፣ አሁን ቀሰፈን" አልኩ በልቤ። እትዬ ዘርፌ ግን ዘንበል ብለው ቆሙና "እግርሽን!" ብለው ጮሁብኝ። ለካስ እግሬ ተንጠልጥሏል። በዚያ ሁሉ ውኃ መሐል ቆመው የሚያስቡት ለእኔ እግር ነበር።

ወጣን። ሳይተነፍሱ ወደ ቤታችን ሮጡ። ደጃፉ ላይ አወረዱኝና "ከዚህ እንዳታልፊ። የቆረበ አራስ ቤት አይገባም" ብለውኝ፣ እሳቸው ገቡ።

ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ጠፈጠፉ እየወረደብኝ ቆምኩ። ከውስጥ የጋሽ ከድር ሚስት ድምፅ ይሰማል፤ እስላም ናት፣ ግን ምጥ ላይ ላለች ሴት የሚባለውን ታውቃለች፣ "ማርያም! ማርያም!" ትላለች። ጋሽ ከድር አጠገቤ ቁጢጥ ብለው የመስበሃ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እኔ ምን ልበል? መስገድ አማረኝ፤ በቆረቡ ቀን አይሰገድም። መጮህ አማረኝ፤ አንዴ ጮኼ ምን እንዳመጣሁ አላውቅም። የእማዬ ድምፅ ሲሰማ እፈራለሁ፣ ዝም ሲል ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። በመጨረሻ ድምፅዋ ጨርሶ ጠፋ። ጋሽ ከድር መስበሃቸውን መቁጠር አቆሙ። ያቺን ዝምታ እስከ ዛሬ እያለምኩ እነቃለሁ።

ከዚያ እልልታ ሆነ። ጋሽ ከድር "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ብድግ አሉ። እኔ ግን አልተነቃነቅኩም። እልልታ የተወለደውን ነው የሚያወራው፣ ስለ ወለደችው አይናገርም። በሩን በሩን እያየሁ ቀረሁ።

እትዬ ዘርፌ ብቅ አሉ። ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ደም ነው። ነጠላቸውን ቀድደው ማሰሪያ አድርገውት ወገባቸው ላይ የቀረችው ቁራጭ ብቻ ናት። ፊቴን ሲያዩ የፈራሁትን አወቁ።

"አለች" አሉኝ። "ግቢ፣ ትጠራሻለች።"

"ቆርቤ..."

"ግቢ አልኩሽ! ለማርያም እኔ እነግራታለሁ።"

ገባሁ። እማዬ ወረቀት መስላለች። አጠገቧ የተጠቀለለች ቀይ ነገር ትነጫነጫለች፤ እህቴ ናት። እማዬ እጄን ያዘችና በቀጭን ድምፅ "ቆረብሽልኝ?" አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። የእኔ ፍርሃት ግን አላለቀም። እትዬ ዘርፌ እስከ ፍልሰታ ፍቺ ድረስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አልገቡም። ማንም አልከለከላቸውም፣ ጠበል ተረጭተዋል፤ ራሳቸው ናቸው ያልገቡት። ሁልጊዜ ከፊት የሚቆሙት ሴት ከአጥሩ ውጭ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ዝናብ እየመታቸው ያስቀድሳሉ። እኔ ከውስጥ ሆኜ በአጥሩ ክፍተት አያቸዋለሁ። ሲያስሉ "ይኸው፣ ጀመራቸው" እላለሁ። ሊሞቱ ነው ብዬ ነበር፤ በእኔ ጩኸት የተነሳ ሊሞቱ ነው። ለማን ይነገራል? ለእማዬ እንዳልነግራት አራስ ናት። የፍቺው ዕለት የንስሐ አባታቸው ጥላቸውን ይዘው ወደ ውጭ ሲወጡ አየሁ። ዛፉ ሥር ብዙ አወሩ። በመጨረሻ መስቀሉን ሲያሳልሟቸው እትዬ ዘርፌ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አለቀሱ።

የተባባሉትን የሰማሁት አድጌ፣ እኔም የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለ ነው። እትዬ ዘርፌ አርጅተዋል፣ ያ ትከሻ ጎብጧል። እግራቸውን እያጠብኩ ድንገት ጠየቅኳቸው።

"ያን ቀን ፈርተው ነበር?"

"መፍራት! አንጀቴ ውኃ ሆኖ ነበር እንጂ።"

"ታዲያ ለምን ተሻገሩ?"

ይኸው "ለምን" አልኩ፤ በዚያ ዕድሜዬ እንኳ ጆሮዬን ይዤ ነበር የጠየቅኩት መሰለኝ። እሳቸው ግን አልቆነጠጡኝም።

"እናትሽን ቀብሬ፣ በማግስቱ በምን አፌ ልቆርብ?" አሉኝ። "አባን 'ከባድ ንስሐ ስጡኝ' ብዬ ለመንኳቸው። 'ያቺን ልጅ ክርስትና አንሺ፣ ንስሐሽ እሱ ነው' አሉኝ። ስግደት ቢሰጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እህትሽን ማሳደግ መቼ ቀላል ሆነ!" ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው፣ እህቴ አስቸጋሪ ነበረች።

እናም በቀደም ድልድዩ ላይ ቆሜ ይህ ሁሉ መጣብኝ። ጎረምሳው "ኧረ ማዘር!" ይላል። ናርዶስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ የእውነት ፈርታለች። ሕጉን ያስተማርኳት እኔ፣ በእትዬ ዘርፌ ቃል፣ አንዱንም ሳላስቀር ነው። የዚያን ቀኑን ነገር ግን አልነገርኳትም ነበር። ከነጠላዬ አንዱን ጫፍ ወገቤ ላይ ቋጠርኩና ጎንበስ አልኩላት።

"ነይ ታዘዪ።"

"እማማ፣ ጉልበትሽን ያምሻል እኮ!"

"ታዘዪ አልኩሽ። እግርሽን ሰብስቢ። የምሻገረው እኔ ነኝ፣ አንቺ ጭነት ነሽ።"

ታዘለች። ከብዳለች፣ የዛሬ ልጅ ምን እንደሚበላ! በአንድ እጄ ብረቱን፣ በአንድ እጄ እሷን ይዤ ጀመርኩ። ከሥሬ ውኃው ያገሣል፣ ቁልቁል አላይም። ጎረምሳው ገብቶት ይሁን አፍሮ፣ ከኋላችን ቀስ እያለ ተከተለን። መሐሉን ስናልፍ ናርዶስ ጆሮዬ ላይ አፏን አስጠጋች።

"እማማ፣ አንቺም እኮ ቆርበሻል። አንቺንስ ማን ይዘልሽ?"

"እኔ ታዝዬ ተሻግሬያለሁ" አልኳት። "ድሮ፣ ልጅ ሳለሁ።"

ማዶ ስንደርስ አወረድኳት። እግሯን አንስታ ጫማዋን ገልብጣ አየች፤ ውኃ አልነካትም። እጄን ይዛ ጭቃውን እየዘለልን ወደ ቤት ሄድን።